አንድ ክፍል ቤት የተባለው ሲዲ

ባለፈው ሐምሌ፣ እንጅባራ ላይ ጉሙ ከጠዋት እስከ ማታ አልገለጥ ባለበት ሰሞን፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልኬን ላሠራ ከመናኸሪያው ጀርባ ካለች ጠባብ የስልክ መጠገኛ ገብቼ ተራዬን ስጠብቅ፣ ሠራተኛው የጋለ መበየጃውን የጤፍ ፍሬ ከምታክል ብረት ላይ ሲያሳርፍ ቀጭን ነጭ ጭስ ተነሣና አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። የተቃጠለ ሙጫና የቀለጠ ቆርቆሮ አንድ ላይ የሚሸት፣ ጉሮሮ የሚከረክር ነገር ነው፤ ሌላ ሰው ቢሆን አፍንጫውን ይዞ ይወጣ ነበር። እኔ ግን ውሃ ከሚያንጠባጥብ ጥላዬ ጋር እዚያው ደርቄ ቀረሁ። ይህን ሽታ የማውቀው ከአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ዳንግላ፣ ከገበያው ማዶ ካለው ከጋሽ ሰይድ ሙዚቃ ቤት፣ እህቴን በቀበርንበት ዓመት።

ጋሽ ሰይድ ካሴትና ሲዲ ይሸጣሉ፣ ሬዲዮና ቴፕ ይጠግናሉ፣ ስልክ ላለው ሰው ደግሞ ዘፈን በሚሞሪ ካርድ ይጭናሉ። ከሱቃቸው በር ግራና ቀኝ ሁለት ረጃጅም ድምፅ ማጉያዎች እንደ ዘበኛ ቆመው ቀኑን ሙሉ ሲያንባርቁ ይውላሉ፤ ባለቤትየው ግን ለሙዚቃ ደንታ ያልነበራቸው ሰው ናቸው፤ ጆሯቸው ውስጥ ጥጥ ወትፈው፣ መነጽራቸውን እስከ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው፣ ከተበላሸ ሬዲዮ ሆድ ዕቃ ላይ እንዳቀረቀሩ ነው የሚመሽባቸው። የሶላት ሰዓት ሲደርስ ሁሉን ነገር ጭጭ ያደርጉታል። ያን ጊዜ ሲጮህ የነበረው ገበያተኛ በራሱ ድምፅ ደንግጦ በሹክሹክታ ማውራት ይጀምራል፤ ክርስቲያኑም ሳይቀር ሰዓቱን የሚያውቀው በእርሳቸው ዝምታ ነበር።

አባዬ ጋሪ ነጂ ነበር። ዳማ የሚባል ፈረስ ነበረው፤ ደንበኞቹን በመልክ የሚለይ፣ ከጠላ ቤቱ በር ሲደርስ ማንም ሳያዝዘው ቀጥ ብሎ የሚቆም ፈረስ ስለነበር፣ እማዬ «የት እንደዋልህ አንተን መጠየቅ ትቻለሁ፤ እርሱን እጠይቃለሁ» እያለች አባዬን ታበሽቀው ነበር። እማዬ የአዲስ ቅዳም ገጠር ልጅ ናት፤ አፏን የፈታችው በአዊኛ ነው። ከእኛ ጋር በአማርኛ ታወራለች፤ ስትቆጣና ስትዘፍን ግን አዊኛው ይመጣል። እኔ ከእናቴ ቋንቋ የማውቀው ቁጣውንና የምግቡን ስም ብቻ ነበር። ዘፈኖቹን ከእግሯ ሥር ቁጭ ብላ፣ «ይቺን ድገሚልኝ፣ ይቺ ምን ማለት ናት» እያለች የተማረችው እታለም ናት።

እታለም የእህቴ የቤት ስም ነው፤ ዋና ስሟ አትጠገብ ነበር። በአራት ዓመት ትበልጠኛለች። ክረምት ከበጋ ጉንፋን የማይለቃት ልጅ ስለነበረች ድምፅዋ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ወፈር፣ ነፍነፍ ያለ ነበር፤ አንድ ስንኝ ከመጀመሯ በፊት ደግሞ ትኩስ ሾርባ እንደሚጠጣ ሰው አየሩን በጥርሷ መሐል ፉት ትለዋለች። እኔ በዚህ ነገሯ ስስቅባት «ቆይ፣ አንድ ቀን ይህንኑ ፉት የሚል አፌን ለመስማት ትሰለፊያለሽ» ትለኝ ነበር። እንጅባራ ለመምህርነት ኮርስ የገባች ጊዜ እማዬ ሁለት ፍራሽ የሚያህል ብርድ ልብስ አሸክማ ነው የላከቻት፤ የእንጅባራ ብርድ ልጇን የሚበላት መስሏት። እታለም በየሁለት ሳምንቱ ያደፈ ልብሷን ይዛ ትመጣለች፣ ታጥባለች፣ ታንጎራጉራለች፣ ትመለሳለች። ከማን ጋር እንደምትውል አልተናገረችም፤ የጠየቃትም አልነበረም።

በአንድ የጥቅምት ረቡዕ፣ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ተገልብጦ ሞተች።

ሞቷ ራሱ ለሰሚው ከበቂ በላይ ነበር፤ የሞተችበት ቦታ ግን ሌላ መርዝ ጨመረበት። እንጅባራ ከእኛ በስተደቡብ ነው። ሚኒባሱ የተገለበጠው በሰሜን፣ በባሕር ዳር መንገድ ላይ ነው። ከእንጅባራ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መኪና ሁሉ ዳንግላን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ያልፋል። ስለዚህ እህቴ፣ ትምህርት ላይ መሆን በነበረባት ሳምንት፣ ለማንም ሳትናገር፣ በእናቷ ደጃፍ አልፋ ሄዳለች፤ ስትመለስ ደግሞ ሳትደርስ ቀርታለች። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ይህ ጥያቄ ከሰው ጋር ገባ፣ ከሰው ጋር ወጣ። «ባሕር ዳር ምን ወሰዳት?» ይላል አንዱ። ሌላው ዝቅ አድርጎ፣ ግን እኛ እንድንሰማው አድርጎ፣ የሆነ ወንድ እንደሚኖር ይናገራል። አባዬ ያን ሰሞን አፉ ተዘጋ። ዳማ ከጠላ ቤቱ በር ሲቆም ልጓሙን ጎትቶ ያልፋል። እማዬ ደግሞ አንዲት ቃል ብቻ ቀረቻት፤ እንጨት ስትፈልጥም፣ ድንች ስትልጥም፣ ሰው ሊያጽናናት ሲመጣም፣ «በደጄ አልፋ» ትላለች። ሌላ የለም።

ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ አባዬ ለጥገና የሰጠውን ሬዲዮ አምጪ ተብዬ ጋሽ ሰይድ ዘንድ ሄድሁ። እርሳቸው በመበየጃው ጭስ ውስጥ አቀርቅረው ነበር። ድምፅ ማጉያዎቹ ግን ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ያወጣሉ። መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያን የሚመስል ከበሮ ዝግ ብሎ ይመታል፤ ከዚያ ጊታር ይገባል፣ እኛ የለመድነው ለስላሳ ጊታር ሳይሆን ቆርቆሮ የሚቀድ መጋዝ የመሰለ፣ የሚጮህ ጊታር፤ በዚያ ጩኸት መሐል አንድ ማሲንቆ እንደተቆጣ ሽማግሌ ያጉረመርማል፤ ከሥር ደግሞ የሬጌ የሚመስል ወፍራም ምት እየዘለለ ይከተላል። አንዱ ዘፈን ሲያልቅ ሌላው በመንዙማ ጭብጨባ ይጀምርና እንደገና ያ መጋዝ ይነሣል። ድንች የጫኑ ገበሬዎች ቆም ብለው እየተያዩ ይስቃሉ። አንድ ሰውዬ «ጋሽ ሰይድ፣ ማሽንዎ ተበላሽቷል መሰለኝ» ብሎ ጮኸ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ከልቅሶው ወዲህ ሆዴ ውስጥ የነበረው ነገር፣ ስም ያላገኘሁለት፣ የሚጮህ መሣሪያ ያገኘ መሰለኝ። ከተማችን፣ ገበያው፣ ቅዳሴው፣ የእማዬ አገር፣ የጋሽ ሰይድ ሰፈር፣ ሁሉም አንድ ድስት ውስጥ ተጥለው የሚፈሉ ነበር የሚመስለው።

ከዚያ ሁሉም መሣሪያ ዝም አለና አንዲት ሴት አየሩን በጥርሷ መሐል ፉት አለች።

ዘፈኑ ገና አልተጀመረም። እኔ ግን አውቄያለሁ። ቀጥሎ ያ ወፈር ያለ የጉንፋን ድምፅ እማዬ ድንች ስትኮተኩት የምትዘፍነውን የአዊኛ ዘፈን ጀመረ፤ ብቻውን፣ ያለ ምንም መሣሪያ፤ ከዚያ ከበሮው ከሥሯ ገብቶ አነሣት።

«ጋሽ ሰይድ፣ ይቺ ማናት?»

ጥጡን ከአንድ ጆሯቸው አወጡ። «እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ። የእንጅባራ ተማሪዎች ናቸው አሉ። አሳታሚ የላቸው፣ ምን የላቸው፣ በራሳቸው አሠርተው ክንዱ የተጎዳ አንድ ልጅ ጥሎልኝ ሄደ። ‹አንድ ክፍል ቤት› ይባላል። ገበያተኛውን እያባረረብኝ ነው፤ አሁን አወጣዋለሁ።»

«እህቴ ናት።»

ጋሽ ሰይድ ለቅሶ ደርሰዋል። ድንኳናችን ውስጥ ከአባዬ ጎን ተቀምጠው ውለዋል። ፊታቸው ተለዋወጠና እጃቸው ወደ ማጥፊያው ሄደ።

«አያጥፉት!» ብዬ ጮህሁ። ገበያው ሁሉ ዞሮ አየኝ። «እባክዎ አያጥፉት፤ ይጨርስ።»

ጨረሰ። በመጨረሻው ላይ፣ መቅረጫው ሳይጠፋ ቀርቶ ይመስለኛል፣ እታለም ስትስቅ ይሰማል። ጋሽ ሰይድ የሲዲውን ሽፋን አገላብጠው ስልክ ቁጥር አገኙና ደወሉ፤ ሬዲዮውን ሳልይዝ ወደ ቤት ሮጥሁ።

ክንዱ የተጎዳው ልጅ ዳዊት ይባላል። በሚቀጥለው እሑድ ከጋሽ ሰይድ ጋር ቤታችን መጣ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ የግራ እጁ ጣቶች እንደተሰበረ ቅርንጫፍ ወደ ውስጥ የታጠፉ። ከደጃፉ ላይ ጫማውን እያወለቀ ቆመና ግባ ሲባል እንኳ ለመግባት አልደፈረም። እማዬ እጁን ይዛ አስገባችው። ሲናገር መሬት መሬቱን ነበር የሚያየው። እንጅባራ ላይ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በተከራዩት አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ሙዚቃ ይሠሩ እንደነበር፣ እታለምን የኮርሱ ግቢ ውስጥ ልብስ እያጠበች ስታንጎራጉር እንደሰሟት፣ ገንዘብ አጠራቅመው ባሕር ዳር ስቱዲዮ ተከራይተው ለመቅረጽ እንደሄዱ፣ ቀርጸው ሲመለሱ ያ ሚኒባስ እንደተገለበጠ ነገረን። እርሱም ከእሷ አጠገብ ነበር የተቀመጠው። እኛ ስንቀብራት እርሱ ሐኪም ቤት ተኝቷል።

«የሰው ወሬ ሰምቼ ነበር» አለ። «ቀድሜ መምጣት ነበረብኝ። ፈራሁ። ሲዲውን ያወጣነው ደግሞ … ካላወጣነው በከንቱ የሄደች ይመስላል ብለን ነው።»

አባዬ እስከዚያ ድረስ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ልጁ ጉልበቱ ላይ ወዳስቀመጠው ሲዲ በጣቱ አመለከተ።

«ልጄን የገደላት ይኸ ነው?»

ጋሽ ሰይድ «አያ ታከለ፣ ተው …» ብለው ጀመሩ። ዳዊት ግን ቀና ብሎ፣ «አዎ አባባ። እርሱን ልንሠራ ሄደን ነው» አለ።

አባዬ ወጥቶ ዳማን ማበጠር ጀመረ፤ እንግዶቹ እስኪሄዱ ድረስ ያንኑ አንድ ጎኑን ያበጥረው ነበር።

እማዬ ቀረብ ብላ ተቀመጠች። «በደጄ ስታልፍ ምን አለች?» አለችው።

«ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ተከናንባ አቀረቀረች። ‹እናቴ ካየችኝ መዋሸት አልችልም። ሲያልቅ ይዤላት እመጣለሁ› አለች።»

«እንግዲህ አይቻት ይሆናል» አለች እማዬ፤ ለማንም አልነበረም የምትናገረው። «በዚያ ሳምንት መንገዱ ዳር ድንች ዘርግቼ ነበር። ሚኒባስ ባለፈ ቁጥር ቀና እል ነበር።»

ጋሽ ሰይድ ማጫወቻ ይዘው መጥተው ነበር። እማዬ ሙሉውን፣ ከበሮውንም መጋዙንም፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሰማችው። የጊታሩ ጩኸት ሲመጣ አንድ ጊዜ ብቻ ፊቷን አኮማተረችና ታገሠችው። የራሷ ዘፈን ሲደርስ ከንፈሯ አብሮ ይንቀሳቀስ ጀመር፤ መሐል ላይ ድንገት አቆመችና «አይ! ስታዋለች!» አለች። «ሩቅ የተዳረችው ልጅ ለእናቷ ሰላምታ የምትልከው በደመናው ነው። ይቺ በወንዙ ላከችው። ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ!» ከዚያ ሳቀች። ከጥቅምት ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው፤ ሳቁ ሳያልቅ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠባትና ጋሽ ሰይድ ማጫወቻውን ይዘው፣ ዳዊት የታጠፈ እጁን ይዞ፣ ምን እንደሚያደርጉ ጠፍቷቸው ተያዩ።

ከዚያን ቀን በኋላ «በደጄ አልፋ» የምትለው ቃል ቆመች። የከተማው ወሬም ቀስ በቀስ ሞተ፤ ጋሽ ሰይድ፣ ወሬ የማያውቁት ሰውዬ፣ ለመጣ ለሄደው ሁሉ ልጅቱ ለምን ባሕር ዳር እንደሄደች ሳይጠየቁ ያስረዱ ነበር። ነገር ግን ቤታችን ለሁለት ተከፈለ። እማዬ በገበያ ቀን ድንቿን ጋሽ ሰይድ በር ላይ መዘርጋት ጀመረች፤ እርሳቸውም ገበያተኛ ቢሸሽባቸውም ያችን ሲዲ አንድ ጊዜ ሳያጫውቱ አይውሉም። አባዬ በዚያ በኩል ማለፍ ተወ። ሰው ከመናኸሪያ ወደ ገበያ ሲጭን በወፍጮ ቤቱ በኩል ይዞራል፤ ዳማ ግን አልገባውም፣ ሁልጊዜ ከመታጠፊያው ሲደርስ በለመደው መንገድ ለመሄድ አንገቱን ይጥላል፣ አባዬ ይጎትተዋል፣ ተሳፋሪው «ኧረ በአጭሩ መንገድ!» እያለ ያጉረመርማል።

አንድ ምሳ ሰዓት፣ እማዬ የጋሽ ሰይድን ማጫወቻ ቤት አምጥታ ስትከፍት፣ አባዬ «ያንን ነገር እኔ ባለሁበት እንዳልሰማው» አላት።

«ልጅህ እኮ ናት።»

«ልጄን ቀብሬያለሁ።»

አልተጣሉም። ሲዲው በአቧራ ተጫጭሮ መዝለል ሲጀምር ጋሽ ሰይድ ዘፈኖቹን በስልኳ ካርድ ላይ ጫኑላት፤ እማዬም እንደ ኮረዳ በአንድ ጆሮዋ ማዳመጫ ሰክታ፣ በላዩ ነጠላዋን ደርባ፣ ከአባዬ ጎን ተቀምጣ ድንች ትልጥ ነበር። እርሷ ትሰማለች፣ እርሱ አይሰማም። በአንድ ጣሪያ ሥር፣ የአንዲት ልጅ አባትና እናት፣ ዓመታት እንዲህ አለፉ። እንጅባራ አስተማሪ ሆኜ ሥራ ከያዝሁ በኋላ አንድ ጊዜ ደፍሬ፣ «አባዬ፣ አንዴ ብቻ ስማው» አልሁት። «እሺ ሰማሁት እንበል» አለኝ። «ዘፈኑ ሲያልቅስ? ሁለተኛ ስትሞትብኝ ምን ልሆን ነው?»

ከዚያ ወዲያ አልጠየቅሁትም።

ዳዊት ጣቶቹ ሳይዘረጉ ቀሩ፤ ጊታሩን ሸጠ፤ ትንሽ ጊዜ ቻግኒ በንግድ ሠራና በመተማ በኩል ወጣ። መጀመሪያ ይደውል ነበር፣ ለእማዬ። ከዚያ መደወሉ ቆመ፤ ቁጥሩ አሁን የማንም አይደለም። ሁለቱ ጓደኞቹ የት እንደደረሱ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። የሰላሙ ነገር እንዲህ ከተበላሸ በኋላ ደግሞ፣ ተኩሱ ከተማ ውስጥ የገባ ሰሞን፣ የጋሽ ሰይድ ሱቅ በሩ ተሰብሮ ኮምፒውተራቸውም ሲዲዎቹም ድምፅ ማጉያዎቹም ተወሰዱ፤ እርሳቸው ቤተሰባቸውን ይዘው ከዳንግላ ወጡ። ሊሰናበቷት የመጡ ዕለት እማዬ የልቅሶ ያህል አለቀሰች።

የእርሷም ስልክ ብዙ አልቆየም። ከአዲስ ቅዳም፣ ከወንድሟ ዘንድ ስትመለስ፣ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ሚኒባሱን አስቁመው የተሳፋሪውን ስልክ ሁሉ ሰበሰቡ። እነማን እንደነበሩ አላወቅንም፤ መጠየቅም ደግ አልነበረም። እማዬ ከመካከላቸው አንዱን እግሩን ይዛ፣ «ስልኩን ውሰደው ልጄ፤ ካርዷን ብቻ አውጣልኝ፣ የልጄ ድምፅ አለባት» ብላ እንደለመነችው አብሯት የነበረ ሰው ነግሮኛል። ልጁ ገና ጢም ያላወጣ ነው አሉ። ጥቂት አመንትቶ ነበር። ከኋላው ሲጠሩት ግን ከነካርዷ ይዞ ሄደ። እማዬ ከዚያ በኋላ ዓመት አልሞላትም። ሐኪሙ ስኳር ነው አለ፤ እኔም ስኳር ነው እላለሁ።

አባዬ አሁን ብቻውን ነው። ዳማ ሞቷል፤ ጋሪውን ባጃጅ አሸንፎታል፤ የተረፉት ሁለት ጎማዎች ከጓሮ ሣር ወርሷቸዋል። የእማዬን ተዝካር ያወጣን ዕለት፣ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ፀሐይ ላይ አብረን ተቀምጠን ሳለ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ያ … የእታለም ነገር» አለ። «አሁን ብትከፍችልኝ እሰማዋለሁ።»

መኖሩን አልተጠራጠረም። ያን ሁሉ ዘመን እምቢ ሲል የኖረው ነገር በፈለገው ቀን የሚያገኘው ነበር የመሰለው። እኔም ወዲያው የለም ማለት አቃተኝ። ኔትወርክ በመጣ ጊዜ ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ፈለግሁ፤ የእንጅባራ ሙዚቃ ቤቶችን አዳረስሁ፤ አንዱ ሲዲ ራሱ ምን እንደሆነ ረስቶ ሳቀብኝ። የጋሽ ሰይድን ስልክ በሰው በሰው አግኝቼ ደወልሁላቸው፤ ከሰላምታው በኋላ ለምን እንደደወልሁ ሳልጨርስ ገባቸው፣ «ልጄ፣ አንድ እንኳ አላተረፍሁም» አሉኝ።

ዳንግላ ወርጄ ለአባዬ ነገርሁት። አልተቆጣም። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«እንግዲያ አንቺ ንገሪኝ» አለ።

«ምኑን?»

«እንዴት እንደነበረ።»

ነገርሁት። ከበሮው ቀስ ብሎ እንዴት እንደሚገባ ጭኔን እየመታሁ አሳየሁት። ጊታሩ እንዴት እንደሚጮህ፣ ማሲንቆው እንዴት እንደሚያጉረመርም፣ ጭብጨባው የት ላይ እንደሚነሣ፣ ገበሬዎቹ እንዴት እንደሳቁ፣ ሁሉንም። ትናንት የሰማሁት ያህል አንድም ነገር አልጎደለብኝም። ከዚያ መሣሪያዎቹ ዝም የሚሉበት ቦታ ደረስሁ፣ እርሷ የምትጀምርበት፣ እኔም አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ስለ ድምፅዋ የማውቀው ቃል ብዙ ነው፤ ወፈር ያለ ነበር፣ ጉንፋን የያዘው ነበር እላለሁ። ድምፁ ራሱ ግን ጆሮዬ ውስጥ የለም። መቼ እንደወጣ አላውቅም። የጊታሩ ጩኸት ሳይጠፋ የእህቴ ድምፅ ጠፍቷል።

አባዬ ጠበቀኝ። እንደማልናገር ሲያውቅ ራሱን ቀስ ብሎ ነቀነቀ።

«እኔም ጠፍቶብኛል» አለ። «ለዚያ ነው የጠየቅሁሽ።»